የልጆቻችን ድምፅ በትምህርት ቤት



የሆሳዕና ወንጌል ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የዘንባባውን ዝንጣፊ፣ ውርንጫይቱንና በመንገዱ ላይ የተነጠፈውን ልብስ ነው። ወንጌላዊው ማቴዎስ ግን ከዚያ በኋላ በቤተ መቅደስ የሆነውን አንድ አጭር ነገር በምዕራፍ 21 ጽፎልናል። ልጆች በመቅደሱ ውስጥ ለዳዊት ልጅ ሆሳዕና እያሉ ይጮኹ ነበር። የካህናት አለቆችና ጸሐፍት ይህን አይተው ተቆጡ፤ ወደ ጌታም ቀርበው ልጆቹ የሚሉትን ይሰማ እንደ ሆነ ጠየቁት። ጌታም እንደሚሰማ መለሰላቸው፤ ምስጋና ከሕፃናት አፍ እንደሚዘጋጅ የተጻፈውንም አስታወሳቸው። ልጆቹን ዝም አላሰኛቸውም።

ይህን ክፍል ባነበብሁ ቍጥር አንድ ነገር ያስደንቀኛል። ከእነዚያ አዋቂዎች መካከል ወደ ልጆቹ ቀርቦ፣ ይህን ለምን አላችሁ ብሎ የጠየቀ ሰው እንዳለ ወንጌሉ አይነግረንም። ቅሬታቸውን ያቀረቡት በልጆቹ ራስ ላይ አልፈው ነው። ልጆቹ በዚያ ነበሩ፤ የሚናገሩትም ስለ ሆነው ነገር ነበር፤ የሚያነጋግራቸው ግን አልነበረም።

ዛሬ ልጽፍላችሁ የወደድሁት ይህን ስለሚመስል ጉዳይ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ያየውንና ያሰበውን የመናገር ነጻነቱ እስከ ምን ድረስ ነው? ትምህርት ቤቱስ የተማሪውን ቃል የመቍረጥ ሥልጣኑ እስከ ምን ድረስ ነው? ነገሩ የሕግ ዐዋቂዎችና የመምህራን ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከእናንተ ብዙዎቹ ልጆቻችሁን በአያት፣ በአክስት ወይም በታላቅ እኅት እጅ ትታችሁ በሰው አገር የምትሠሩ ናችሁ፤ ልጅን የምታሳድጉት በስልክ ነው። ልጁ በትምህርት ቤት ይህን ተናገረ፣ እንዲህም ተባለ የሚል ወሬ ባሕር ተሻግሮ ሲደርሳችሁ፣ የምትመልሱትን ቃል ብቻችሁን መፈለግ ይከብዳችኋል።

ባለፈው ዓመት ከዓርብ ቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ልታነጋግረኝ ቆየች። የነገረችኝን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ ከተማውንና ትምህርት ቤቱን ግን አልጠቅስም። ልጇ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪና የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል ናት። ሚኒ ሚዲያ ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ በሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓትና በዕረፍት ሰዓት ግጥም፣ ዜናና ጠቅላላ ዕውቀት በድምፅ ማጉያ የሚነበብበት የተማሪዎች ክበብ ነው። ልጅቱ አንድ ገጽ የማይሞላ ጽሑፍ አዘጋጅታ በዕረፍት ሰዓት ታነብ ጀመር። እናቶቻቸው ዓረብ አገር ስላሉ ተማሪዎች የተጻፈ ነበር። መዋጮ በተጠየቀ ቍጥር ከእነርሱ የሚጠበቀው ገንዘብ ከሌሎች እንደሚበልጥ ተናገረች። እናቱ ውጭ ያለች ተማሪ ሁሉ ዶላር እንደሚላክለት ሰው እንደሚያስብ፣ የእርሷ እናት ግን ለአምስት ወር ደመወዟ እንዳልተከፈላት ተናገረች። የክፍላቸው ኃላፊ መምህርም በክፍል ፊት «አንቺማ የባለ ዶላር ልጅ ነሽ» ብሏት እንደ ነበር ጨመረች። እዚህ ላይ ስትደርስ ዩኒት ሊደሩ ገብቶ ማጉያውን አጠፋው። ወረቀቱንም ወሰደባት። «ወላጅሽን ይዘሽ ካልመጣሽ ክፍል አትገቢም» ተባለች።

ወላጇ እዚህ ናት።

እናቲቱ እንዲህ አለችኝ፦ «አባ፣ ይቅርታ ጠይቂና ግቢ ልበላት? ወይስ እውነት ነው የተናገርሽው ልበላት? እኔ እዚህ ማዳም ብትጮኽብኝም ችዬ ዝም ብዬ የምሠራው፣ እሷ ተምራ ሰው ፊት ቆማ እንድትናገር ነበር። ይኸው ስትናገር ደግሞ ከትምህርቷ ልትቀርብኝ ነው። ምን ልበላት? ይምከሩኝ።»

የዚያን ዕለት አብረን ጸለይን፤ በሚቀጥለው ዓርብ እንድትመለስም ቀጠርኋት። በዚያ ሳምንት ያሰብሁትንና ያነበብሁትን ነው ዛሬ ለእናንተ የማካፍለው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ራሳችን ልናገር። እኛ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ብለን ያደግን ሕዝብ ነን። ታላቅን ማክበር፣ በሽማግሌ ፊት ቃልን መቈጠብ፣ ከመናገር በፊት ማሰብ መልካም ውርሶቻችን ናቸው፤ በሰው አገርም አስከብረውናል። ነገር ግን አክብሮት ከፍርሃት ጋር ሲደባለቅ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ መለየት ያስቸግራል። ልጅ ዝም ሲል አከበረን እንላለን፤ ፈርቶን ሊሆን እንደሚችል ግን አናስብም።

እኔ የተማርሁት በደርግ ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ መጽሐፍና ጋዜጣ ከመታተሙ በፊት በሳንሱር መመርመር ነበረበት። በ1983 የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ታተመና ብዙም ሳይቈይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በ1984 ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። እኛ ተማሪዎች መጽሐፉን በጋዜጣ ለብደን፣ ለአንድ ሌሊት እየተዋዋስን አነበብነው። በክፍል ውስጥ ግን ስሙን የሚያነሣ አልነበረም። መምህራኑ እንዳነበብነው ያውቁ ነበር፤ እኛም እንደሚያውቁ እናውቅ ነበር፤ ሁላችንም ምንም እንዳላወቅን ሆነን የተውላጠ ስም ዓይነቶችን እንማር ነበር። መጽሐፉንስ ሳንሱሩ ሊያጠፋው አልቻለም። ያጠፋው በመምህርና በተማሪ መካከል ሊኖር የሚገባውን መተማመን ነበር። በአንድ ክፍል ተቀምጦ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር እንዳላወቁ መሆን ከተለመደ፣ ሌላውም ትምህርት ቀስ በቀስ ለፈተና ብቻ የሚጠና ነገር ይሆናል።

ከዚያ በፊት የነበረውም ትውልድ ይህን አይቶታል። በ1950 በካናዳውያን ኢየሱሳውያን አባቶች መሪነት የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኮሌጅ ቀን የሚባል በዓል ነበረው፤ ተማሪዎችም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ግጥሞቻቸውን ያነቡ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግጥሞቹ ስለ ድኻው ኑሮ በግልጽ መናገር ሲጀምሩ መንግሥት ተቆጣ፤ ከገጣሚዎቹም ከትምህርታቸው የታገዱ ነበሩ። በግጥም የተነገረውን መስማት ቀላል ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1965፣ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ አደባባይ ወጡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ወላጆቻችሁ ያውቁታል። በጉባኤ ላይ በጨዋ ቃል የቀረበውን አቤቱታ ያልሰማ፣ በኋላ በሌላ ድምፅ ሲመጣበት ማቆሚያ አያገኝለትም።

ዛሬ በወረቀት ላይ ያለው ሕግ ከዚያ ዘመን የተለየ ነው። በ1994 የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን በነጻ የመግለጽን መብት ለማንኛውም ሰው ይሰጣል፤ በፕሬስ ላይ የሚደረግን ሳንሱር በማንኛውም መልኩ ይከለክላል። በ1989 የወጣውም የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ልጅ እርሱን በሚመለከት ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ሚዛን ሊሰጠው እንደሚገባ ይደነግጋል። በአንቀጽ 28 ደግሞ የትምህርት ቤት ሥርዓት አጠባበቅ የልጁን ሰብአዊ ክብር የጠበቀ እንዲሆን ያዛል። ቅድስት መንበር ይህን ስምምነት በ1990 ተቀብላለች፤ ኢትዮጵያም በ1991 ተቀብላዋለች። እንግዲህ ልጅ በትምህርት ቤት ይናገር ዘንድ መፍቀድ ከውጭ የመጣ ዘመናዊነት ነው የሚል ቢያጋጥማችሁ፣ አገራችንም ቤተ ክርስቲያናችንም ፈርመው የተቀበሉት ቃል እንደ ሆነ ንገሩት።

ሕጉ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ምን መልክ እንዳለው ለመረዳት ግን የሌላ አገር ክርክር ጠቀመኝ። በአሜሪካ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ውሳኔዎቹ ለእኛ ሕግ አይደሉም፤ የሚያነሡት ጥያቄ ግን በማጉያው ፊት የቆመችውን የዚያችን ልጅ ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው ጉዳይ ስለ መናገር ሳይሆን ስለ አለመናገር ነበር። በ1940 ፍርድ ቤቱ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ለሰንደቅ ዓላማ ሰላምታ እንዲሰጡ ማስገደድ ይችላሉ ብሎ በ8 ለ1 ድምፅ ፈረደ። ሃይማኖታቸው ይህን የከለከላቸው የይሖዋ ምስክሮች ልጆች ከትምህርት ቤት ተባረሩ፤ በወላጆቻቸውም ላይ በብዙ ቦታ ጥቃት ደረሰ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከዌስት ቨርጂኒያ የመጣ ተመሳሳይ ጉዳይ ቀረበ፤ ፍርድ ቤቱም በ6 ለ3 ድምፅ የራሱን ፍርድ ሻረ። ቀኑ ሰኔ 14 ቀን 1943 ነበር፤ አገሪቱ በዓለም ጦርነት መካከል ሳለች፣ የሰንደቅ ዓላማ ቀን በሚከበርበት ዕለት። ዳኛው ሮበርት ጃክሰን የጻፉት ፍርድ ፍሬ ነገሩ፣ ማንም ባለ ሥልጣን ዜጋን በልቡ የማያምነውን በአፉ እንዲመሰክር ማስገደድ አይችልም የሚል ነው። ከዳኞቹ መካከል ካቶሊካዊው ፍራንክ መርፊ በ1940 ከአስገዳጆቹ ጋር ነበሩ፤ በ1943 ግን ከሻሩት ጋር ቆሙ። ከዚህ የተማርሁት፣ የመናገር ነጻነት ያልታመነበትን ቃል በግድ አለመናገርንም እንደሚጨምር ነው። ልጅን ያላመነችበትን ይቅርታ እንድትል ማስገደድም ከዚህ የሚቈጠር ነው። አፏ ይቅርታ ይላል፤ ልቧ ግን መዋሸትን ይማራል።

ሁለተኛው የታወቀው የቲንከር ጉዳይ ነው። በታኅሣሥ 1965 በአዮዋ ክፍለ ግዛት በዴ ሞይን ከተማ ጥቂት ተማሪዎች በቬትናም ጦርነት ለሞቱት ለማዘንና በልደት በዓል ተኩስ እንዲቆም የቀረበውን ሐሳብ ለመደገፍ በክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ ለማሰር ተስማሙ። ርእሳነ መምህራኑ ይህን ቀድመው ሰሙና ከለከሉ። ከተማሪዎቹ የ13 ዓመቷ ሜሪ ቤት ቲንከርና የ15 ዓመቱ ወንድሟ ጆን ይገኙበታል፤ አባታቸው የሜቶዲስት አገልጋይ ነበሩ። ጨርቁን አስረው ስለ ተገኙ ከትምህርት ታገዱ። ከበዓሉ በኋላ ያለ ጨርቅ ተመለሱ፤ ሜሪ ቤት ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ጥቁር ለብሳ ተማረች። ጥቁር መልበስ ምን እንደ ሆነ እኛ ኢትዮጵያውያን ማንም አያስተምረንም። ክርክሩ ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ በየካቲት 24 ቀን 1969 በ7 ለ2 ድምፅ ለተማሪዎቹ ተፈረደ። ፍርድ ቤቱ ተማሪ የመናገር መብቱን በትምህርት ቤቱ በር ላይ ጥሎ እንደማይገባ ተናገረ፤ ትምህርት ቤቱ ሊከለክል የሚችለው ንግግሩ ትምህርቱን በእርግጥ የሚያውክ ወይም የሌሎችን መብት የሚነካ ሲሆን ነው አለ። ሁከት ይነሣ ይሆናል የሚል ስጋት ብቻ እንደማይበቃም አስረዳ። ትምህርት ቤቶቹ ሌላ ፖለቲካዊ ምልክት ሲለበስ ዝም ብለው ይህን አንዱን ብቻ መከልከላቸውም ተነሥቷል።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ብቻ ብነግራችሁ ግማሹን እውነት ደበቅሁ ማለት ነው። ሦስተኛው ጉዳይ የልጅቱን ጉዳይ ይበልጥ ይመስላል። በ1983 በሚዙሪ ክፍለ ግዛት በሄዝልውድ ኢስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በሚያዘጋጁት ጋዜጣ ላይ ሁለት ጽሑፎች ነበሩ፤ አንዱ ስላረገዙ ተማሪዎች፣ ሌላው ወላጆቻቸው ስለ ተፋቱባቸው ልጆች። ርእሰ መምህሩ ስማቸው ቢለወጥም ነፍሰ ጡሮቹ ይታወቃሉ ብለው ሰጉ፤ በፍቺው ጽሑፍ የተወቀሰ አባትም መልስ የመስጠት ዕድል አላገኘም አሉ። ስለዚህ ሁለቱ ጽሑፎች ያሉባቸውን ገጾች ሙሉ በሙሉ አስወጡ፤ ተማሪዎቹ ይህን ያወቁት ጋዜጣው ታትሞ ሲመጣ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥር 1988 በ5 ለ3 ድምፅ ለትምህርት ቤቱ ፈረደ። ጋዜጣው የትምህርቱ ክፍል ነውና፣ ለትምህርት ዓላማ በቂ ምክንያት ካለ ትምህርት ቤቱ ሊያርመው ይችላል አለ። ካቶሊካዊው ዳኛ ዊልያም ብሬናን ግን በተቃውሞ ጻፉ፤ የሚያስፈልገውን ብቻ ማረም ሲቻል ያለ ንግግር ገጹን ሙሉ መቍረጥ ለተማሪዎቹ ስለ ዜግነት የተገላቢጦሽ ትምህርት መስጠት ነው የሚል ነበር መከራከሪያቸው።

እኔ በዚህ ጉዳይ ርእሰ መምህሩ ከንቱ ሰው ነበሩ አልልም። ያነሡት ስጋት እውነተኛ ነው። የሰው ገመና በማጉያ ሊነገር አይገባም፤ የተወቀሰ ሰውም ሊሰማ ይገባዋል። ትምህርተ ክርስቶሳችን ስም ማጥፋትንና ሐሜትን ይለያል። ስም ማጥፋት በሰው ላይ ሐሰት መናገር ነው። ሐሜት ግን እውነት የሆነውን የሌላውን ጉድለት ያለ በቂ ምክንያት ለማያውቁት ማውራት ነው። ስለዚህ እውነትን ነው የተናገርሁት ማለት ሁልጊዜ ሙሉ መልስ አይሆንም። ነገር ግን ይህ ትምህርት ለልጅ የሚሰጠው ወረቀቷን በመቀማት አይደለም። ይህ ሐረግ ይውጣ፣ ይህ ይቆይ፣ ምክንያቱም ይህ ነው ብሎ አጠገቧ በመቀመጥ ነው። እርማትና አፈና የሚለዩት እዚህ ላይ ነው፤ የታረመ ልጅ ለምን እንደ ታረመ ያውቃል።

እኛ ቤተ ክህነትም ከዚህ ጥያቄ ውጭ አይደለንም። ቤተ ክርስቲያናችን ከ1559 ጀምሮ ምእመናን እንዳያነቧቸው የተከለከሉ መጻሕፍት ዝርዝር ነበራት፤ ከአራት መቶ ዓመታት በኋላ፣ በ1966፣ የሕግ ኃይሉን አንሥታለች። ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ሃይማኖት ነጻነት ባወጣው ሰነድ እውነት ወደ ሰው ልብ የምትገባው በራሷ ብርታት እንጂ በግዴታ እንዳልሆነ አስተምሯል። ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው ሰነድም የልጆች ቀዳሚ አስተማሪዎች ወላጆች መሆናቸውን አጽንቷል። እናንተ ሩቅ ብትሆኑም ቀዳሚ አስተማሪዎች ናችሁ። ርቀት ይህን ማዕረግ አይሽረውም።

በሚቀጥለው ዓርብ እናቲቱ መጣች። እንዲህ አልኋት፦ «እኅቴ፣ ልጅሽ ሦስት ነገር ተናግራለች፤ ለየብቻ እንያቸው። ስለ መዋጮው የተናገረችው የሁሉም ተማሪ ጉዳይ ነው፤ ለዚህ ይቅርታ አትጠይቅ። ስለ ደመወዝሽ የተናገረችው የራስሽ ገመና ነው፤ አንቺ ከፈቀድሽ ጥፋት የለበትም። ስለ መምህሩ የተናገረችውን ግን አስቀድማ ለራሱ ልትነግረው ይገባ ነበር፤ ወንድምህ ቢበድልህ ብቻችሁን ሆናችሁ ንገረው የሚለው የጌታ ትምህርት ለተማሪም ነው። ለዚህ ለመምህሩ ይቅርታ ትጠይቅ፤ ግን ካመነችበት ብቻ።» እናቲቱ ጥቂት ዝም ብላ «ደመወዜንስ ፈቅጄላታለሁ፤ ለእኔ ብላ ነው የተናገረችው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ በስልክ ተነጋግረው ደብዳቤ ጻፉ፤ እናቲቱ ስትናገር ልጅቱ ጻፈችው። እናቲቱ በሥራ ምክንያት ውጭ አገር እንደምትኖርና አክስቷ ወላጅን ተክታ እንድትቆም እንደ ወከለቻት ይገልጣል። ልጅቱ ስለ መምህሩ የተናገረችውን በግል ልታነጋግረው እንደምትፈልግ፣ የመዋጮው ጥያቄ ግን በወላጅና መምህራን ኅብረት እንዲታይ እንደሚለምኑም ይገልጣል። አክስቲቱ ደብዳቤውን ይዛ ሄደች። ልጅቱ ከዘጠኝ የትምህርት ቀናት በኋላ ወደ ክፍል ተመለሰች። መምህሩን አነጋገረችው፤ እርሱም ለቀልድ ብሎ እንደ ነበረና እንደሚያሳዝናት እንዳላወቀ ነገራት። ማጉያው ግን አልተመለሰላትም፤ ወረቀቷም እንዲሁ። ስለ መዋጮው እስከ ዛሬ መልስ የሰጠ የለም። ነገሩ በመልካም አለቀ ልላችሁ አልችልም። ልጅቱ ግን ሁለት ነገር አውቃለች፤ የቱ ቃሏ መታረም እንደ ነበረበት፣ የቱ ደግሞ እውነት ሆኖ እንደ ቆመ። እናቷ ከማን ጋር እንደ ቆመችም አውቃለች።

ለእናንተም ይህን የመሰለ ነገር ሲገጥማችሁ ጥቂት ምክር ልስጥ።

ከመቆጣታችሁ በፊት ጠይቁ። «ምን አልሽ?» ብቻ ሳይሆን «ለምን አልሽው? ለማን ፊት? የተነካ ሰው አለ?» በሉ። ከዘመድ የሰማችሁትን ከልጁ አፍም ስሙት። የጻፈው ጽሑፍ ካለ እንዲያነብላችሁ ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ ተቈርጦ የተነገረው ሙሉው ሲነበብ ሌላ ነው።

ወላጅ አምጣ ለሚለው ጥያቄ ቀድማችሁ ተዘጋጁ። በእናንተ ቦታ የሚቆመው ማን እንደ ሆነ በጽሑፍ ለትምህርት ቤቱ አስታውቁ፤ ስልካችሁንም ስጡ። ወላጁ ሩቅ የሆነ ልጅ ተሟጋች የሌለው ይመስላል፤ ይህን አትፍቀዱ። ጉዳዩ ከአንድ ተማሪ በላይ ከሆነም በወላጅና መምህራን ኅብረት በኩል ይቅረብ።

መምህራንን በልጁ ፊት አታዋርዱ። እነርሱም በጥቂት ደመወዝ ብዙ ተማሪ ይዘው፣ ከበላይ የሚመጣውን ትእዛዝ እየፈሩ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ማጉያውን ያጠፋውም ሰው ነገ ለምን ተነበበ ተብሎ የሚጠየቀው እርሱ እንደ ሆነ እያሰበ ይሆናል። ፍርሃት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ የመጨረሻው ተቀባይ ልጁ ነው።

በስልኩ ላይ የሚጽፈውንም ተነጋገሩበት። በ2021 ያው የአሜሪካ ፍርድ ቤት፣ አንዲት ተማሪ በዕረፍት ቀን ከትምህርት ቤት ውጭ በስልኳ ስላሰራጨችው የስድብ ቃል ትምህርት ቤቱ መቅጣት አልነበረበትም ብሎ በ8 ለ1 ወስኗል። ይህም ስድቡ መልካም ነው ማለት አይደለም። ከትምህርት ቤት ውጭ የሚነገረውን ማረም በመጀመሪያ የወላጅ ሥራ ነው ማለት ነው። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ የወጣ ቃል ወረቀት እንደ መቀማት በቀላሉ አይመለስም፤ ልጆቻችን ይህን ከእኛ ይስሙት።

በመጨረሻም አንድ ከባድ ነገር ልበላችሁ። ከእናንተ ብዙዎቹ ሥራችሁን፣ ኢቃማችሁን፣ አንዳንዴም ደኅንነታችሁን ለመጠበቅ ዝም ማለትን ተምራችኋል። ይህን ዝምታ ማንም ሊነቅፈው አይገባም፤ ልጆችን ያበላና ያስተማረ ዝምታ ነው። ነገር ግን እዚህ ያዳናችሁን ዝምታ እዚያ ላለው ልጅ እንደ ሕይወት ሕግ አድርጋችሁ አታውርሱት። «ዝም በል፣ ይለፍ» የሚለው ቃል በስልክ ለመናገር ቀላል ነው። በደል ሲደርስበት፣ አካሉን የሚነካው ሰው ቢመጣም፣ ልጁ የሚያስታውሰው ይህንኑ ቃል እንዳይሆን ፍሩ። ስለ መዋጮ መናገር የተከለከለ ልጅ ከዚያ የከፋውንም አይናገርም።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 3 ሕፃኑ ሳሙኤል በሌሊት የሰማው ቃል በአሳዳጊው በካህኑ በዔሊ ቤት ላይ የመጣ ፍርድ ነበር። ሲነጋ ልጁ ራእዩን ለመንገር ፈራ። ዔሊ ብዙ ድካም የነበረበት ሽማግሌ ነው፤ የገዛ ልጆቹን ከክፋታቸው አልከለከለም። በዚያች ማለዳ ያደረገው ግን ለእያንዳንዱ ወላጅ፣ ለእያንዳንዱ መምህርና ለእኛም ለካህናት ምሳሌ ይሆናል። ልጁን «ልጄ» ብሎ ጠራው፤ አንዳች እንዳይሸሽገው ለመነው፤ ቃሉ በራሱ ላይ የመጣ መሆኑን ሲሰማም ልጁን አልቀጣውም። ሳሙኤል ነቢይ ሆኖ ያደገው ይህን በሰማ ሽማግሌ ቤት ነው።

እግዚአብሔር ለልጆቻችሁ እውነትን የሚናገር አንደበትና ቃልን የሚመዝን ልብ ይስጣቸው። ለመምህሮቻቸው የሚሰማ ጆሮ፣ ለእናንተም በሩቅ ሆናችሁ የምትጸኑበትን ብርታት ያድላችሁ። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።